የእግር መንገዶቻችን ባለቤት ይኑራቸው፦ ለክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ክልል አቀፍ የእግር ጉዞ መስመር ስለመዘርጋትና ስለመጠገን

አገራችን የእግር መንገድ አልጎደለባትም። ገበያተኛው፣ ተሳላሚው፣ ተማሪው፣ ጀሪካን ያዘለችው እናት ለዘመናት የረገጡት መንገድ ከቆላ እስከ ውርጭ ተዘርግቶ ይገኛል። የጎደለው «የእኔ ነው» ብሎ የሚይዘው ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ዶዘር ይግባ፣ አዲስ መንገድ ይቀደድ የሚል አይደለም። ያለው ተመርጦ ይስተካከል፣ እርስ በርሱ ይያያዝ፣ ባለቤት ይሰጠው ነው የምንለው። ይህን የምንጽፈው ተጓዥ በመምራትና በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ላይ የቆየን ባለሙያዎች ነን። የመስህቦቹን ውበት በብሮሹሮቻችሁ ላይ ስላሰፈራችሁት እኛ ወደ ቦዩና ወደ ድንጋዩ እንሂድ።

ከዜሮ የሚጀመር ነገር የለም። በምዕራብ አርሲ ዞን በአዳባና በዶዶላ ደን ውስጥ በጀርመን የልማት ትብብር ይደገፍ የነበረው የደን ፕሮጀክት የፈረስ ጉዞ መስመር ከፍቶ ነበር። ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ እና ዱሮ የተባሉት ማረፊያዎች አንዱ ከሌላው የአንድ ቀን መንገድ ያህል ይርቃሉ። ፈረሱም መሪውም የአካባቢው ነው፤ ደኑን የሚጠብቀውም ያው ነዋሪ ነው። በመቄትና በላስታ ደግሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ገበሬዎች በኮሚቴ ተደራጅተው ገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ቀልሰው እንግዳ ተቀበሉ፤ ተጓዡ ጓዙን በአህያ አስጭኖ ከመንደር ወደ መንደር ይሻገራል። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚወስደውን የሰሜን ተራሮች መስመር ማስተዋወቅ አያሻንም። ሦስቱንም መስመር ያደረጋቸው ማደሪያው ነው። ሰው አንድ ቀን ተጉዞ የሚያድርበት ቦታ፣ በማግስቱም የሚቀጥልበት ሌላ ቦታ ካለ መስመር ተፈጠረ ይባላል። ያ ከሌለ ቦታው ምንም ቢያምር የእሑድ ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። በደጋው ላይ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የ5 ወይም የ6 ሰዓት እርምጃ፣ ለአንድ ቀን በቂ ነው። መጀመሪያ ካርታው ላይ ማደሪያዎቹን አስቀምጡ፤ መንገዱን ከዚያ በኋላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። መንገድን የሚገድለው ውሃ ነው። ከቆዩት የገበያ መንገዶች ብዙዎቹ ዳገቱን ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ቀጥ ያለ መንገድ ደግሞ ክረምት ሲገባ ቦይ ይሆናል። ከላይ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ እየፈጠነ ይወርዳል፣ አፈሩንም ይልጣል። ዛሬ ቁርጭምጭሚት የማይሞላው ጥልቀት ከጥቂት ክረምት በኋላ ጉልበት ይደርሳል። ተጓዡ ቦዩን ሸሽቶ በጎኑ ይረግጣል፤ በጎኑም ሁለተኛ ቦይ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሦስተኛ። ጓሳ ሣር ላይ አምስት ስድስት ጎን ለጎን የሚሄዱ ጠባሳዎች ስታዩ በተጓዡ ብዛት አታሳብቡት፤ ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ የውሃ መውጫ ጠፍቷል። ከ3,500 ሜትር በላይ ይህ ጠባሳ ቶሎ አይሽርም። ሌሊት ውርጩ እርቃኑን የቀረውን አፈር እያነሣ ያላላዋል፣ ቀን ይቀልጣል፣ ነፋስና ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ ሣሩ ሥር የሚሰድበት ጊዜ አያገኝም።

መድኃኒቱ በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ እጅ አለ፦ ለእርከን የሚሠራበት ባለ 10 ሜትሩ ገመድና የውሃ ልኩ። ሁለት ሰዎች በሴንቲ ሜትር የተከፋፈሉ ዘንጎች ይዘው ገመዱን ይወጥራሉ፤ ሦስተኛው መካከል ቆሞ ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን የውሃ ልክ ያነብባል። ለደረጃ እርከን በሁለቱ ዘንጎች ላይ ያለው ቁጥር እኩል እንዲሆን ይፈለጋል። ለእግር መንገድ ግን እስከ 1 ሜትር ልዩነት ይፈቀዳል፤ ይኸውም 10 በመቶ ነው። የመንገዱ መደበኛ ቁልቁለት ከዚህ አይብለጥ። ድንጋያማ በሆነ አጭር ቦታ፣ ርዝመቱ ከ20 ወይም ከ30 ሜትር ካልበለጠ፣ 15 በመቶ ይቻላል። በየ10 ሜትሩ ችካል ምቱ፤ ከዚያ መስመሩን ከታች ወደ ላይም ከላይ ወደ ታችም ሄዳችሁ እዩት፤ ከላይ ትክክል የሚመስል ከታች ሲታይ የሚያስቅ ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ይልቅ ይዘነጋል። የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከሚያቋርጠው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ተዳፋቱ 40 በመቶ ከሆነ 10 በመቶ የሚወርድ መንገድ ጤነኛ ነው፤ ከላይ የመጣው ውሃ መንገዱን አቋርጦ ወደ ታች ያልፋል። ተዳፋቱ 12 በመቶ ብቻ በሆነበት ቦታ ግን ያው 10 በመቶ የሚወርድ መንገድ ውሃውን ተሸክሞ ይሄዳል። እዚያ ከ6 በመቶ፣ ማለትም በገመዱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አትለፉ። ሰው ዳገቱን ይፈራና ለዘብ ያለውን መሬት ይንቃል፤ የተበላሹት መንገዶቻችን ግን አብዛኞቹ ለዘብ ባለው መሬት ላይ ናቸው።

መንገዱ ሲቆረጥ ሙሉ ወርዱ በተቆፈረ ጠንካራ መሬት ላይ ይረፍ። ግማሹን ቆፍሮ የወጣውን አፈር በገደል በኩል ደልድሎ ማስፋት ጉልበት ይቆጥባል ይባላል፤ የተደለደለው አፈር ግን የመጀመሪያው ክረምት ላይ ይሰምጥና ውጫዊው ጠርዝ ይሰነጠቃል፤ ጭነት የያዘ በቅሎ የሚረግጠው ደግሞ ሁልጊዜ ውጫዊውን ጠርዝ ነው፣ ጭነቱ ግድግዳውን እንዳይነካበት። ለእግረኛ 1.2 ሜትር ወርድ ይበቃል፤ ጭነት ያለው እንስሳ በሚተላለፍበት ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያስፈልጋል። ቅርንጫፍ ለእግረኛ እስከ 2.5 ሜትር፣ ለፈረሰኛ እስከ 3 ሜትር ከፍታ ይጽዳ። የመንገዱ ገጽ ወደ ገደሉ በኩል 5 በመቶ ያህል ያዘንብል። በ1.2 ሜትር ወርድ ላይ ይህ 6 ሴንቲ ሜትር ነው፦ ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድማችሁ የግንበኛ ውሃ ልክ አስቀምጡበት፤ ልክ እስኪሆን ድረስ የጣውላውን የገደል ጫፍ አንሡ፤ ከሥሩ ያለው ክፍተት ሦስት ጣት ግድም ከሆነ ደኅና ነው። በገደሉ ጠርዝ ላይ የተቆለለውን ትርፍ አፈር ሳትበትኑት አትሂዱ። ያ ክምር ለዓይን የደኅንነት አጥር ይመስላል፤ ሥራው ግን ውሃውን መንገዱ ላይ ማሰር ነው።

ማዘንበሉ ብቻውን ለዘለቄታው አይበቃም፤ እግር ሲረግጠው መሃሉ ይጎደጉዳል። ስለዚህ በየ15 እስከ 30 ሜትሩ መንገዱ ራሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ መልሶ ከፍ እንዲል አድርጉ፤ ዝቅታው ላይ ውሃው ወደ ውጭ የሚፈስበት ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው አፍ ይከፈት። ይህ ከመጀመሪያው ችካል ሲመታ ከተሠራ ምንም ወጪ የለውም። በነባር መንገድ ላይ ይህን ማድረግ ካልተቻለ የድንጋይ ማገጃ ይቀበር፦ ከመንገዱ አቅጣጫ 45 ዲግሪ ተጋድሞ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ሁለት ሦስተኛው አፈር ውስጥ ገብቶ። ቀጥ ብሎ አግድም የተቀበረ ማገጃ ግን ግድብ ነው። ውሃው ደለሉን ጥሎ በላዩ ይዘልና ከታቹ ጉድጓድ ይቆፍራል። በደንብ የተቀበረውም ቢሆን ካልተጠረገ በሁለት ክረምት ይደፈናል። የጥገናው ጉዳይ በኋላ ይመጣል።

ጥምዝማዛ መንገድ ብዙ ሰው ይወዳል፣ በፎቶም ያምራል። እኛ ግን በተቻለ መጠን ቁጥሩን ቀንሱ እንላለን፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ የአቋራጭ ግብዣ ነው። ላይ ያለው ሰው የታችኛውን መንገድ ካየ ይቆርጠዋል፣ እረኛውም ተጓዡም። መታጠፊያውን ከቋጥኝ ወይም ከአስታ ቁጥቋጦ ጀርባ አድርጉት፤ በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለውን ቦታ በትልልቅ ድንጋይ ዝጉ። እሾህ ብቻ ከሆነ ለማገዶ ይወሰዳል። ደረጃ ከመሥራት በፊት ደግሞ እንስሳቱን አስቡ። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ደረጃ ለሰው ይመቻል፤ የተጫነች አህያ ግን ትሸሸዋለች፤ በጎኑ ስትሄድ በጎኑ አዲስ ቦይ ይጀመራል። ደረጃ ግድ ከሆነ አጠገቡ ሸካራ ድንጋይ የተነጠፈበት ተዳፋት ይሠራ።

ዋልካ አፈር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሸዋ ላይ ኮትቻ የምንለው ይኸው ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ድንጋይ ብትጥሉበት ይውጠዋል፣ ኮብልስቶን ብታነጥፉበት ያጎብጠዋል። ዋነኛው ምክር፦ ዙሩት። ሁለት መቶ ሜትር የሚረዝም ዙሪያ መንገድ በጠርዝ ላይ መሥራት አምሳ ሜትር ዋልካ ከመሻገር ይረክሳል። መሻገሩ ግድ ሲሆን መንገዱ ከመሬት ከፍ ይበል፦ በሁለቱም ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ፣ በ1.2 ሜትር ርቀት ሁለት ረድፍ የጠርዝ ድንጋይ፣ መሃሉ ላይ ከሥር ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረ ትልልቅ ድንጋይ፣ ከላዩ 20 ሴንቲ ሜትር የታመቀ ገረጋንቲ ወይም ሬዳሽ፣ መሃሉ ከጠርዙ ከፍ ብሎ። ለ10 ሜትር ርዝመት የሚያስፈልገው የላይኛው ሙሌት 2.4 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲታመቅ ስለሚቀንስ 3 ሜትር ኩብ ቁጠሩ። 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖ ወደ ቦታው መድረስ ከቻለ አንድ ጭነት ለ50 ሜትር ያህል ይሆናል። መኪና በማይደርስበት ይህ ሁሉ በባሬላና በአህያ ነው፤ እዚያ ስትደርሱ «ዙሩት» ያልነው ይታወሳችኋል።

ለወንዝ መሻገሪያ አጭር እንሁን። መረማመጃ ድንጋዮች ከመሃል እስከ መሃል 60 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፤ ከተራው የውሃ ከፍታ በላይ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይውጡ፤ ላያቸው ጠፍጣፋ፣ ሥራቸው ቢያንስ ግማሽ በግማሽ የተቀበረ ይሁን። የባሕር ዛፍ ድልድይ ቅርፊቱ ካልተላጠና ጫፉ ከእርጥብ አፈር ካልተለየ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ደኅና እየመሰለ ከውስጥ ያለቀ እንጨት ሰው ይጥላል። ከዚያ በላይ የሆነው ድልድይ የመሐንዲስ ሥራ ስለሆነ አንገባበትም።

ጊዜውና ጉልበቱስ? ዳሰሳው ነሐሴ ላይ ይሁን። ጥር ላይ የሚዳስስ ባለሙያ ውሃው የት እንደሚሄድ ሳያይ ካርታ ይሥላል። ነሐሴ ላይ ጃንጥላ ይዞ የሚሄድ ግን የትኛው ቦታ እንደሚያፈልቅ፣ የትኛው እንደሚያጥለቀልቅ በዓይኑ ያያል፣ ቦታውን በስልኩ ጂፒኤስ ይመዘግባል። ጥቅምትና ኅዳር አጨዳ ነው፤ በዚያ ወቅት ገበሬን ለመንገድ ሥራ መጥራት ነውር ነው። ሥራው ጥርና የካቲት ላይ ከተፋሰስ ልማቱ ጋር ይሂድ፤ ሰዉም ዶማውም ዲጂኖውም ያን ጊዜ ተራራው ላይ ነው። 40 በመቶ ተዳፋት ላይ 1.2 ሜትር ወርድ ያለው መንገድ ሲቆረጥ በአንድ ሜትር ርዝመት 0.29 ሜትር ኩብ ገደማ አፈር ይነሣል፤ አንድ ሰው በቀን አንድ ሜትር ኩብ ትንሽ አለፍ አድርጎ ይቆፍራል ብንል አንድ ኪሎ ሜትር ከ250 እስከ 300 የሰው ቀን ይወስዳል። አርባ ሰው በአንድ ሳምንት ማለት ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ ይህ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በባሌ ግን ዝናቡ መጋቢት ላይ ስለሚጀምርና እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ ደረቁ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ነው፣ ሥራው ከዚያ ሊያልፍ አይችልም፤ የአማራ ክልልን የጊዜ ሰሌዳ ገልብጦ ኦሮሚያ ላይ መለጠፍ አይሠራም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው ብዙ ፕሮጀክት የሚቀበርበት። ሪባን ይቆረጣል፣ የድጋፍ ሰጪዎች አርማ የተደረደረበት ሰሌዳ ይተከላል፣ ከምረቃው ማግስት መንገዱን የሚያይ የለም። ለእኛ መንገድ ማለት የሚጠረግ መንገድ ነው። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ ከዚያው መንደር አንድ የመንገድ ጠባቂ ይመደብ፤ አንድ አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ አንድ መጋዝ ይሰጠው። ሥራው ረጅም አይደለም፦ ግንቦት መጨረሻ ላይ የውሃ መውጫዎቹን አፍ ሁሉ ይከፍታል፤ ክረምቱን ከከባድ ዝናብ በኋላ በማግስቱ ይዞራል፤ መስከረም ላይ የተጎዳውን እየቆጠረ ለወረዳው ያስመዘግባል። ክረምት በወር 4 ቀን፣ በጋ 1 ቀን ይበቃዋል። ደመወዙ ከመግቢያ ክፍያ ይውጣ፣ ግን ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ በበጀት እስኪመለስ ከተጠበቀ ክረምቱ ይቀድመዋል። ከእያንዳንዱ ትኬት 10 በመቶው በቀጥታ መስመሩን በያዘው የነዋሪዎች ማኅበር የባንክ ሂሳብ ይግባና ለጥገና ብቻ ይውጣ ብለን ሐሳብ እናቀርባለን። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል፣ «በቀጥታ» የሚለው ላይ ግን አንደራደርም።

ምልክትን በተመለከተ፦ የብረት ሰሌዳ ገጠር ላይ ዕድሜ የለውም። ቆርቆሮው በር ይጠግናል፣ ቱቦው ለሌላ ይፈለጋል፤ ለምን ተወሰደ ብሎ ገበሬውን መውቀስም አያምርም። ድንጋይ ላይ በዘይት ቀለም የተቀባ 10 በ20 ሴንቲ ሜትር ምልክት ግን አይሰረቅም። አንድ ሊትር ቀለም ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ ብክነቱም ታስቦ፣ ለ200 ምልክት ይበቃል። ድንጋዩን መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ሽበቱን፣ ማለትም ላዩ ላይ የበቀለውን ግራጫ ልባስ፣ አንሱለት፤ ሽበት ላይ የተቀባ ቀለም አብሮት ይላጣል። ምልክቱ በየ250 ሜትሩ፣ በየመገንጠያው፣ ከመገንጠያው 20 ሜትር አልፎ ደግሞ «አልተሳሳትክም» የሚል አንድ ማረጋገጫ ይሁን። ጉም በሚበዛበት አፋፍ ርቀቱ ወደ 50 ሜትር ይጠጋ፣ የድንጋይ ክምርም ይጨመር። በየኪሎ ሜትሩ ተከታታይ ቁጥር ይጻፍ፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ስልክ ሲደውል «ከትልቁ ዛፍ አለፍ ብሎ» ከማለት «14 ቁጥር» ቢል ቃሬዛው ቶሎ ይደርስለታል። ቃሬዛ በየማደሪያው ይኑር። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ መቃብርና የአድባር ዛፍ ላይ ምንም አይቀባ። ጽሑፍ ባለበት ቦታ የአካባቢው ቋንቋ ይቅደም፣ ርቀቱም ከኪሎ ሜትር ይልቅ በሰዓት ይገለጽ።

ማደሪያ ላይ የሚታለፉ ጥቂት ነገሮች አሉ። ደባርቅ ያደረን ሰው በአንድ ቀን በመኪና ጨነቅ፣ 3,620 ሜትር ላይ ማሳደር ራስ ምታትና ማስመለስ መጥራት ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ ማለትም አያድነውም። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ የመስመሩ አዘረጋግ ራሱ ይህን ማስገደድ አለበት። የመጠጥ ውሃ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። መጸዳጃ ከምንጭ ቢያንስ 50 ሜትር ርቆ፣ ከምንጩም ዝቅ ብሎ ይቆፈር። ማገዶ ፈጽሞ አይፈቀድ፦ 2011 ዓ.ም. ላይ ሰሜን ተራሮች ሲቃጠሉ ለማጥፋት ከውጭ አገር ጭምር እርዳታ እንደመጣ ሁሉም ያስታውሳል፤ ደረቅ ጓሳና አስታ አንዴ ከተያያዘ ባሬላ ሙሉ አፈር አያቆመውም። ውሻም ከተጓዥ ጋር አይግባ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፣ በባሌ ደጋግሞ የፈጃቸውም ከቤት ውሾች የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የመስመሩ በጀት ውስጥ በዙሪያው ላሉ መንደሮች ውሾች ክትባት ይካተት፤ ቅንጦት አይደለም።

መሬቱ የሚታረስ ነው፣ ባለይዞታም አለው። መስመሩ በማሳ ወሰንና በእርከን ጠርዝ ይሂድ እንጂ ማሳ አይሰንጥቅ፤ ለሚያልፍበት እያንዳንዱ ይዞታ ባለ ደብተሩ የፈረመበት፣ ቀበሌው ያረጋገጠው የመተላለፊያ ስምምነት ይያዝ፤ ካሳ ካለ ቁጥሩ እዚያው ይጻፍ። ጥብቅ ቦታ ከሆነ ደግሞ ነባሩን ሥርዓት ጠይቁ። መንዝ ጓሳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ቄሮ በተባለ የጋራ መሬት አስተዳደር ሥርዓት ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት በአካባቢው ሰው ሲወሰን የኖረ ነው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አዲስ መመሪያ ይዞ ከመሄድ የቆየውን ማንበብ ይቀላል። አንድ መስመር የተሳካ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ገበያ ቀን ጠዋት ሄዳችሁ ተመልከቱ፦ ጀሪካን ያዘለችው ሴት በአዲሱ መንገድ ከሄደች መንገዱ ትክክል ተቆርጧል። አሮጌውን ከመረጠች የተሳሳተው መንገዱ ነው፣ እሷ አይደለችም።

የአገር ውስጥ ተጓዥ ነገር ለብቻው ይታይ። መናገሻ ሱባ፣ ወንጪ፣ ዝቋላ፣ የረር በእሑድ የሚጎርፈው ወጣት የዚህ ሁሉ ዕቅድ ትልቁ ተስፋ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው እንግዳ ቢጠፋ እንኳ እሱ አይጠፋም። ችግሩ የሚመጣው በዓመቱ በጣም ለስላሳ በሆነው ጊዜ ነው፦ አደይ አበባን ለማየት መስከረም ላይ፣ መሬቱ ውሃ እንደጠጣ፣ ሁለት አውቶብስ ሰው በአንድ ሰዓት አንድ ቀጭን መንገድ ላይ ይወርዳል። ለአንድ መሪ ከ25 ሰው አይብለጥ፤ ቡድኖች በ20 ደቂቃ ልዩነት ይነሡ፤ የዋልካ ክፍል ያለበት መስመር ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘጋና በድንጋያማው ይተካ። የጉዞ አዘጋጆቹ ክልከላ እንጂ ምክንያት ስለማይነገራቸው ነው የሚያጉረመርሙት፤ መዝጊያው ላይ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉላቸው።

ጸጥታው በማይፈቅድበት ወረዳ ዳሰሳ እንኳ አይጀመር፤ መሪም ተጓዥም ገበሬም በዚህ ምክንያት ለአደጋ መጋለጥ የለባቸውም። በሚቻልበት ግን ክልሉን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለመሸፈን አትነሡ። አራት ወይም አምስት ማደሪያ ያለው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ፣ ሁለቱም ጫፉ ሚኒባስ የሚደርስበት አንድ መስመር ምረጡ። ሁለት ክረምት ይለፈው። ከሁለተኛው ክረምት በኋላ መስከረም ላይ የመንገድ ጠባቂዎቹ መዝገብ የትኛው መውጫ እንደሠራ፣ የትኛው እንደተደፈነ ይነግራችኋል፤ ቀጣዩን በዚያ መዝገብ አስተካክላችሁ ከመጀመሪያው ማደሪያ ጋር አያይዙት። ተራራ የክልል ወሰን አያውቅምና ሁለት መስመሮች ወሰን ላይ ሲገናኙ የምልክቱ ቀለምና የቁጥሩ አሰጣጥ አንድ እንዲሆን ቢሮዎቹ ከአሁኑ ይስማሙ።

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በመጪው ነሐሴ ለዳሰሳ የሚወጣ ከቱሪዝም፣ ከግብርናና ከወረዳው የተውጣጣ አንድ ቡድን ይሰየም፤ በሚቀጥለው የተፋሰስ ልማት ዕቅድ ውስጥ የእግር መንገድ ሥራ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ ይግባ፤ የትኬቱን የጥገና ድርሻ የሚወስን መመሪያ ከምረቃው በፊት ይውጣ። ለዳሰሳው ቡድን ችካል መምታትንና ገመድ ማንበብን በሜዳ ላይ ለማሳየት ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን።

ከሰላምታ ጋር
የእግር ጉዞ መሪዎችና የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን
ለክልል ግብርና ቢሮዎች